ዘግይቶ ለመጣ

ቶርስሃቨን መሽቷል፤ ዝናቡ በአግድም ይሄዳል፣
ከወደቡ በላይ አንድ መስኮት ብቻ ይነዳል።
ራንቫ ናት።
ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ከማሞቂያው ላይ ሰቅላ፣
ቀን የገዛችውን ዳቦ ከቁልፎቹ አጠገብ ጥላ፣
ተንሳፋፊዎቹን ታነጋግራለች፦
ሠላሳ አንድ ቢጫ ተንሳፋፊዎች፣ ከባሕር ወለል የታሰሩ፣
የማዕበል ቁመት፣ የነፋስ ጉልበት፣ ሲጠየቁ የሚናገሩ።

የድሮውን ፕሮግራም የጻፈው ዮግቫን ነበረ፤
ጨዋ ሰው፣ ዝግ ያለ፣ በወረፋ የኖረ።
ፕሮግራሙም እሱን መሰለ፦
የመጀመሪያውን ጠይቆ፣ ደጁ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣
ሲሰጠው ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ወደ ሁለተኛው የዘለቀ።
የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል፤ ማን ሐሰት አለ?
ግን በኅዳር አንድ ሌሊት፣ ዐሥራ ሰባተኛው ዝም አለ።
ፕሮግራሙ ደጁ ላይ ተገትሮ አደረ፤
የሚሉት እያላቸው፣ ለቀሩት ዐሥራ አራቱ ጠያቂ አልነበረ።
ሰሜኑ ተናወጠ። ጀልባዎቹ ያልሰሙትን አዩ።
ማንም አልሞተም፤ አንድ መረብ፣
የአንድ ሰው ሁለት ጣቶች ብቻ ተለዩ።

ራንቫ ሰው አልጨመረችም፤ ሠራተኛው ያው አንድ ነው፣
አንድ ክር፣ አንድ ትንፋሽ፤ የቀየረችው አጠባበቁን ነው።
አሁን ሠላሳ አንዱንም ባንዴ ይጠይቃል፣
ለያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አደራ ያስቀምጣል፦
«መልሱ ሲመጣ ይህን አድርጉ፤ ካልመጣ ያኛውን፤
ሲያንኳኳ እሰማለሁ፤ ቆሜ አልጠብቅም ደጁን።»
ከዚያ በቀለበቱ ይዞራል።
«ማን መጣ?» ይላል። የመጣ ካለ አደራውን ይፈታል፣
ከሌለ እንደ ድመት ያንቀላፋል፣ አንድ ጆሮው ነቅቶ ይቀራል።

ተራ የሚባል ነገር የለም።
ከሁሉ የራቀው ዘጠነኛው ከሁሉ ይቀድማል፣
ከመስኮቷ የሚታየው ሦስተኛው ገና ያዛጋል።
አንዳንዴ ግማሽ መልስ ይመጣል፦ «ማዕበሉ አራት ሜትር ከ…»
ግማሹ ይቀመጣል፤ ቀሪው እስኪደርስ
ሌላው ይናገራል፤ ማንም ማንንም አያግድም።

ስልኳ ከዳቦው አጠገብ በፊቱ ተደፍቷል።
ከወንድሟ ከሆግኒ ጋር በአባታቸው ጀልባ ከተጣሉ ሦስት ሳምንት ሆኗል።
«እንሽጠው ወይስ እናቆየው?» ብላ ጽፋለት ነበር።
እናቷ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ቢየርታ ለልደቷ ጠርታታለች።
ሁሉም ወረፋ ላይ ናቸው፣ ከሆግኒ ዝምታ ኋላ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል። ሙከራ።
ሠላሳው ተንጫጩ፣ እየተሻሙ፣ እየተቀዳደሙ።
ዐሥራ ሰባተኛው ዝም።
ዐሥር ሰከንድ አለፈ።
ፕሮግራሙ አልቆመም፣ አልጮኸም፤ «አልመለሰም» ብሎ ጻፈ፣
መንገዱን ቀጠለ።
እሰይ! አለች። ዳቦውን ገመጠች።
በዐሥራ ሦስተኛው ሰከንድ፣ ከመዝገቡ ግርጌ፣ አንዲት መስመር ወጣች፦
«ከዐሥራ ሰባት የመጣ መልስ። ጠባቂ የለውም። ተጥሏል።»

ማኘኳን አቆመች።
ስድስት ሜትር ማዕበል ተሸክሞ፣ ያን ሁሉ ጨለማ አቋርጦ፣
በሦስት ሰከንድ ተቀደመ፤ ደረሰ፣ በሩ ተቆልፎ፣
አደራው ተነሥቶ፣ ስሙን የሚያውቅ ጠፍቶ።
መጠበቅ መተው አንድ ነገር ነው።
መቀበል መተው ግን…
ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጣቷ ከቁልፎቹ በላይ ዋለለ፣
ከዚያ ወረደ። ሦስት መስመር፣ ሌላ ትንሽ አደራ፦
ዘግይቶ ከመጣ አትጣል። የመጣበትን ሰዓት ጻፍ። አስገባ።

ስልኩን አነሣች። ከሆግኒ ምንም የለም።
ድምፁን ከፈተችለት፣ አስቀመጠችው፤
መልሳ አነሣችውና ለቢየርታ ጻፈች፦
«እመጣለሁ። ኬኩን እኔ ልያዝ?»

ዝናቡ አሁንም በአግድም ይሄዳል።
ከስክሪኑ ኋላ ቀለበቱ ይዞራል፣
«ማን መጣ?» ይላል።